ካርዱ በእጅ ነው፣ ፋይሉ ግን የለም

(በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ሃያ ደቂቃ ስለ ሥራህ ተናገር» ሲሉኝ ምን እንደሚጠበቅብኝ ገብቶኛል። በየዓመቱ እዚህ ቆመው የሚናገሩትን ስሰማ ስለኖርኩ ልማዱን አውቀዋለሁ፤ የተሠራው ይዘረዘራል፣ ፎቶ ይታያል፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ምሳ ይኬዳል። ምሳው አይቀርባችሁም፣ አሳጥራለሁ። እኔ ግን ዛሬ ይዤ የመጣሁት የሠራሁትን ሳይሆን ያበላሸሁትን ነው። በእኛ ሙያ ቋንቋ «የሴሽን ዳታ ችግር» ይባላል። ሲጠሩት ቀላል ይመስላል። ከሠራኋቸው ፕሮግራሞች መካከል ግን ሌሊት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ እሱ ብቻ ነው።

ጠዋት ከአራት ኪሎ ግቢ ወጥቼ በእግሬ ወደ ፒያሳ ሄድኩ። ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ ዳገቱን ስያያዘው ጉልበቴ ዕድሜዬን ነገረኝ። በተማሪነታችን ያን መንገድ ስንቴ ተመላልሰንበታል! ኪሳችን ሲሞላ ለሲኒማና ለኬክ፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ የወርቅ ቤቶቹን መስኮት ለማየት። ዛሬ ፍለጋዬ አንድ ሱቅ ነበር። ዶሮ ማነቂያ አካባቢ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ እሷም አብራ እንደሄደች አውቃለሁ። እግር ግን የሰማውን አያምንም፤ ወስዶ ያቆመኝ የነበረችበት ቦታ ይመስለኛል ከምለው ላይ ነው። የአድዋ ድል መታሰቢያን አይቼ፣ ሰፊውን መንገድ አይቼ፣ «ከዚህ ምሰሶ ወዲህ ነው? ወይስ ወዲያ?» ስል አንድ ጥበቃ ጠርጥሮኝ «ጋሼ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለኝ። አለ ማለት ይቻላል።

ሱቋ አንድ ክፍል ነበረች። በሯ ላይ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ኢንተርኔት» የሚል ጽሑፍ ነበራት፤ ውስጧ አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበርና አንዲት ጸሐፊ ልጅ። ታሪኬ ያለው እዚያ ነው። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን፣ በመካከላችን ኬሚስቶችም፣ የባዮሎጂ ሰዎችም፣ የሒሳብ ሊቃውንትም ስላላችሁ፣ ሴሽን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ የምትቆሙት ካርድ ክፍል ነው። በእጃችሁ ያለችው ትንሿ ካርድ ላይ ቁጥር እንጂ በሽታ አልተጻፈባትም። ታሪካችሁ ያለው በፋይሉ ውስጥ ነው፤ ፋይሉ ደግሞ ያለው ካርድ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ። ሐኪሙ አያስታውሳችሁም፤ በቀን ስንቱን ያስታውስ? ካርዷን ታሳያላችሁ፣ ፋይሉ ተፈልጎ ይመጣል፣ ሐኪሙም ካቆመበት ይቀጥላል።

ድረ ገጽም እንዲሁ ነው። ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ የሚባለው ሥርዓት በተፈጥሮው ረሺ ነው። ገጽ ትጠይቃላችሁ፣ ይሰጣችኋል፣ ይረሳችኋል። ሁለተኛውን ገጽ ስትጠይቁ አዲስ እንግዳ ናችሁ። በ1994 እ.ኤ.አ. ሉ ሞንቱሊ የተባለ የኔትስኬፕ ፕሮግራመር ለዚህ መላ አመጣ፤ ሰርቨሩ ለብራውዘሩ አንዲት አጭር ጽሑፍ ይሰጠዋል፣ ብራውዘሩም በተመለሰ ቁጥር ያችን ጽሑፍ ያሳያል። ኩኪ የምንለው ይህ ነው። ኩኪ ካርዷ ናት። ሰርቨሩ ዘንድ ያለው ፋይል ደግሞ የሴሽን ዳታው ነው።

ታዲያ «ሴሽኑ ጠፋ» የሚል ስሞታ ሲመጣ ምን እንደጠፋ ገና አልታወቀም ማለት ነው። ካርዷን ጥላችኋት ይሆናል። ካርዷ አለች፤ ነገር ግን ካርድ ክፍሉ አሮጌ ፋይል ሲያጸዳ የእናንተን አብሮ አስወግዶት ይሆናል። ፋይሉ አለ፤ ግን ላቦራቶሪው ይዞት እስኪመልስ ትጠብቃላችሁ። ሐኪም ቤቱ ሁለት ካርድ ክፍል ከፍቶ ፋይላችሁ ያለው በዚያኛው ሆኖ ይሆናል። ወይም ደግሞ ፋይሉ መጥቶ ተከፍቶ ጽሑፉ የማይነበብ ይሆናል። (የሐኪም ጽሑፍ የምታውቁ ትስቃላችሁ፤ ሳቁ።) የእኔ ታሪክ ይህ የመጨረሻው ነው።

ዘመኑ 2008 ዓ.ም. ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ የማመልከቻ መመዝገቢያ ሠራን። አመልካቹ አምስት ገጽ ይሞላል። አንደኛው ላይ ስምና ስልክ፤ ስሙ ከሌላ መዝገብ ጋር እንዲመሳከር በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። ሁለተኛው ላይ አድራሻ፣ ከዝርዝር የሚመረጥ። ሦስተኛው ላይ የሰነድ ቁጥሮች፣ ከሥራቸውም «ማብራሪያ ካለ» የምትል ሳጥን። አራተኛው ሰነድ ማያያዣ፣ አምስተኛው ማረጋገጫ። አምስተኛው ሲጫን ነው ሁሉም ወደ ዋናው መዝገብ የሚገባው፤ እስከዚያ ድረስ የተሞላው በሙሉ የሚቆየው በሴሽኑ ነው። ሁለት ሰርቨር ስለነበረን፣ ፋይሉ በአንዱ ቀርቶ ሰውዬው በሌላው እንዳይከሰት ብዬ፣ የሴሽን ዳታውን በማይኤስኪውኤል ሠንጠረዥ ውስጥ አስቀመጥኩት። እስከዚህ ድረስ ዛሬም አላፍርበትም።

ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። «አንዳንድ ሰዎችን መሀል ላይ እየጣላቸው ነው።»

«ምን ይላቸዋል?»

«ጊዜዎ አልቋል፤ እባክዎ እንደገና ይጀምሩ፣ ይላቸዋል።»

መልሱ ወዲያው ታየኝ። ፒኤችፒ ላይ የሴሽን ዕድሜ በዲፎልት 1440 ሰከንድ ነው፤ ማለትም 24 ደቂቃ። እኔም ያንኑ ቁጥር ቀድቼ ነበር። ሰው ቀስ ብሎ ይጽፋል፣ ወረቀት ይፈልጋል፣ 24 ደቂቃ ያልፋል። ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ስምንት ሰዓት አሳደግሁትና «ተስተካክሏል» አልኩ። አንድ ሳምንት ስልክ አልጮኸም። ዛሬ ሳስበው የጠፋው ችግሩ ሳይሆን የደዋዮቹ ተስፋ ይመስለኛል።

ስሞታው እንደገና ሲመጣ ጥፋቱን ወደ ኔትወርኩ ወሰድኩት። ቀጥሎ ወደ መብራት። ሁለቱም በአገራችን ራሳቸውን የማይከላከሉ ተከሳሾች ናቸው፤ የትኛውንም ነገር ብታሳብቡባቸው የሚጠራጠራችሁ የለም። በመጨረሻ ወደ ተጠቃሚው ወሰድኩት። «ሰዎቹ የኋላ መመለሻውን እየተጫኑ ይሆናል» ብዬ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ደብዳቤው ዛሬም አለኝ፤ ጥሩ አማርኛ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ አንዲት ሠራተኛ ናት በመጨረሻ «ለምን ሄደህ አታይም?» ያለችኝ። ብዙዎቹ አመልካቾች ፎርሙን የሚያስሞሉት ፒያሳ፣ እነዚያ የጽሕፈት ቤቶች ዘንድ እንደሆነ ነገረችኝ። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። የሄድኩት ረቡዕ ነው።

ሱቋ ስገባ አንዲት እናት ጸሐፊዋ አጠገብ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው። ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ማን እንደሆንኩ ሳልናገር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ስማቸውን ጻፈች፣ ስልካቸውን ጻፈች፣ ወረዳቸውን መረጠች፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረሰች። ከዚያ ዞር ብላ፣

«እማማ፣ ይቺን ማብራሪያ እንተዋት ብያለሁ እኮ፤ እሷን ስንጽፍ ነው የሚያስወጣን» አለቻቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ማብራሪያውን ትቼ ምን ይዤ ልሂድ? እኔ የመጣሁት ለማብራሪያው አይደል?»

ተነስቼ ቆምኩ። «እህቴ፣ ምን አልሽ? እሷን ስትጽፉ ነው?»

«አዎ ጋሼ። ማብራሪያ ካልጻፉ ያልፋል። ከጻፉ ይመልሳል። ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

«ለመሥሪያ ቤቱ ተናገርሽ?»

«ማን ጠይቆኝ?»

እኔና ባልደረቦቼ ስንት ቀን ሰርቨር ስንፈትሽ የከረምንበትን ይቺ ልጅ በሁለት ቀን አውቃዋለች። አውቃም መላ አበጅታለች፤ መላው ግን ማብራሪያ ለማያስፈልጋቸው ሰዎች ብቻ ነው የሚሠራው። ማብራሪያ የሚጽፈው ማነው ብላችሁ አስቡት። ነገሩ የተስተካከለለት ሰው ሳጥኗን ባዶ ትቶ ያልፋል። የሚጽፈው ነገሩ የተወሳሰበበት ነው፤ ወረቀቱ የጠፋበት፣ ቤተሰቡ የሞተበት፣ ስሙ የተሳሳተበት። ፕሮግራማችን መርጦ የሚጥለው እነዚህን ነበር።

የእኚህ እናት ጉዳይ የስም ልዩነት ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ለምሳሌ ያህል ፀሐይ እንበላቸው። በአንዱ ወረቀት «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሃይ» ተብለው ተጽፈዋል። በላቲን ሲጻፍ ሁለቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው በራሳችን ፊደል ብቻ ነው። ይህን ነው ማስረዳት የፈለጉት።

ልጅቷን «እስቲ ማብራሪያውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊው» አልኳት። ጻፈችው፣ አለፈ። ተመለስንና በአማርኛ ጻፈችው። «ጊዜዎ አልቋል።» ገና አምስት ደቂቃ አልሞላንም ነበር፤ ስምንት ሰዓት ነው የሰጠሁት!

ከበሩ ውጪ ቆሜ ለባልደረባዬ ደወልኩ። «የሴሽን ሠንጠረዡን ክፈትና የመጨረሻውን ረድፍ አንብብልኝ» አልኩት። ዝም አለ። «የጥያቄ ምልክት ነው» አለኝ። «ምን ያህል?» «ሙሉውን።»

አሁን ለኮምፒውተር ሰዎች ዝርዝሩን ልናገር፤ ሌሎቻችሁም ተከታተሉኝ፣ አይከብድም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የላቲኑ አንድ ብቻ። ፒኤችፒ የሴሽን ዳታን ወደ ጽሑፍ ሲቀይር ከእያንዳንዱ ቃል በፊት የቃሉን ርዝመት በባይት ይጽፋል። «ፀሐይ» ሲሆን መጀመሪያ 9 ብሎ ነው ቃሉን የሚያስከትለው። ይህ ጽሑፍ ወደ ሠንጠረዡ ሄደ። ዋናዎቹን ሠንጠረዦች ስፈጥር ዩቲኤፍ-8 እንዲሆኑ በግልጽ ጽፌያለሁ። የሴሽኑን ሠንጠረዥ ግን በኋላ፣ በችኮላ፣ «ጊዜያዊ ነገር ነው» ብዬ ስፈጥር ምንም አልጻፍኩም። ምንም ካልተጻፈ ማይኤስኪውኤል ዲፎልቱን ይወስዳል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ስሪት 8.0 እስኪወጣ ድረስ ደግሞ ዲፎልቱ ላቲን-1 ነበር። ላቲን-1 ውስጥ «ፀ» የለም። ያኔ እንደነበረን አደረጃጀት ዳታቤዙ አይጮህም፣ አይከለክልም፤ የማያውቀውን ፊደል በሙሉ በጥያቄ ምልክት ተክቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው «9፣ ???» ነው። ፒኤችፒ ሊያነበው ሲመጣ ዘጠኝ ባይት ይጠብቃል፣ ሦስት ያገኛል፣ አይጣጣምም፣ ሙሉውን አልፈታም ይላል። ስሙም፣ ስልኩም፣ አድራሻውም አብሮ ይቀራል።

«ፀሐይ»ም ??? ነው፣ «ጸሃይ»ም ??? ነው። ልዩነቱን ሊያስረዱ የመጡበት ሁለት ስም ማሽኑ ውስጥ አንድ ሆኖላቸዋል።

በነገራችን ላይ፣ ከዳታቤዙ ጋር የነበረውን ግንኙነትም ላቲን-1 ብዬ ትቼው ቢሆን ኖሮ ባይቶቹ ሳይነኩ ገብተው ሳይነኩ ይወጡ ነበር፤ ችግሩም አይታይም። ብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች በዚህ ዓይነት ሁለት ስህተት ተጣጥሞላቸው ለዓመታት ሠርተዋል። እኔ ግማሹን አስተካክዬ ግማሹን ስለተውኩ ነው የወደቅሁት።

ፒኤችፒ ዝም ብሎ ነው ወይ የወደቀው? አይደለም። መፍታት ሲያቅተው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ስንተኛው ባይት ላይ እንደተሰናከለ ሳይቀር ይናገራል። እኔ ግን ከዚያ ትእዛዝ ፊት አንዲት ምልክት አድርጌያለሁ፤ በኢሜይል አድራሻ መሀል የምትገባዋን። ፒኤችፒ ውስጥ ያቺ ምልክት «ብታጉረመርም አልሰማህም» ማለት ናት። ያደረግኋት ሎጉ በማስጠንቀቂያ እንዳይሞላ ነው። ከዚያም በታች ቁጥሩ ባይገኝ፣ ጊዜው ቢያልፍ፣ ዳታው ባይነበብ፣ ለሦስቱም አንድ መልስ ነው የጻፍኩት፦ «ጊዜዎ አልቋል።» ሰዎቹ እኔው የነገርኳቸውን ነው መልሰው የነገሩኝ፤ እኔም አምኜ ጊዜ ጨመርኩላቸው።

ተመልሼ ስገባ ደስ ብሎኛል፣ አልደብቃችሁም። የተደበቀ ስህተት ያገኘ ፕሮግራመር እንደ ልጅ ነው። በዚህ መሀል ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ አንድ ወጣት «ይሄ የማነው? የኔ አይደለም» አለ። ሄጄ አየሁ። የምዝገባውን ገጽ ሲከፍት አንደኛው ገጽ ተሞልቶ መጣለት፤ የሌላ ሰው ስም፣ የሌላ ሰው ስልክ። ጠዋት እዚያው ወንበር ላይ የነበረ ሰው ሰነድ ላምጣ ብሎ ሳይጨርስ ሄዷል። ብራውዘሩ አልተዘጋም፤ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ብራውዘር ማን ይዘጋል? ካርዷ እዚያው ወንበር ላይ ቀርታለች። በ24 ደቂቃ ፋይሉ ከመደርደሪያ ይወርድ ነበር። ስምንት ሰዓት ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ደስታዬ የት እንደገባ አላውቅም። የመጀመሪያው ስህተት ሰዎችን አመላልሷል፤ ይሄኛው የሰውን ገበና ለማያውቀው ሰው ሰጥቷል። ያመጣው ደግሞ መድኃኒት ብዬ የሰጠሁት ነው። ወጣቱ ጨዋ ልጅ ነበር፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አነሳ። ሁሉም እንዲያ አይደለም።

ያን ሌሊት ቢሮ አደርን። ሠንጠረዡ ወደ ዩቲኤፍ-8 ተቀየረ፤ ሥራው ራሱ ደቂቃ አልፈጀም። ዕድሜው ወደ 40 ደቂቃ ወረደ። በየገጹ «ጨርሻለሁ፣ ዝጋ» የሚል ማዘዣ ገባ፤ ሲጫን ኩኪውንም ፋይሉንም ያጠፋል። ያቺ ዝም ማሰኛ ምልክት ወጣች። ለሦስቱ ችግር ሦስት የተለያየ መልእክት ተጻፈ። ሐሙስ ጠዋት ሱቋ ስደርስ እኚያ እናት ቀድመውኛል። ልጅቷ ጻፈች፣ እኔ ቆሜ አየሁ፣ አራተኛው ገጽ መጣ። «አለፈ?» አሉ። «አለፈ እማማ» አለቻቸው። እኔን ማን እንደሆንኩ አልነገረቻቸውም፤ ውለታዋ አለብኝ።

ከዚያ ወዲህ የሴሽን ስሞታ ሲመጣልኝ የማደርገው ተቀይሯል። ኮዱን አልከፍትም። መጀመሪያ ካርዷን ነው የማየው፤ ብራውዘሩ ኩኪውን እየላከ ነው? ከገጽ ወደ ገጽ ቁጥሩ ያው ነው? ያው ከሆነ ወደ መደርደሪያው እሄዳለሁ፤ በዚያ ቁጥር የተቀመጠ አለ? ካለ በዓይኔ አነበዋለሁ፤ ፕሮግራሙ ያነበበውን ሳይሆን የተቀመጠውን። ከዚያ በኋላ ነው «ሌላ ማን እየጻፈበት ነው?» የምለው። ይህን ቅደም ተከተል ሳልከተል የገመትኩበት ጊዜ ሁሉ ኪሳራ ነው።

«ሌላ ማን» ያልኩት በምክንያት ነው። እነዚያ ሱቆች ውስጥ ጸሐፊዋ ሥራ ሲበዛባት ሁለት ሰው በሁለት ታብ ትከፍታለች። ለእሷ ሁለት ፎርም ነው፤ ለሰርቨሩ ግን አንድ ብራውዘር፣ አንድ ካርድ፣ አንድ ፋይል። የሁለተኛው ሰው አድራሻ በአንደኛው ላይ ይጻፋል። እኛ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ለራሱ እየሞላ ስለምንሞክር ይህን አናየውም። መላው ለእያንዳንዱ ፎርም የራሱን ቁጥር መስጠትና በኩኪው ብቻ አለመመካት ነው።

ሌላም የእኛው የሆነ አለ። አንድ ልጅ «ሴሽኑ እንቢ አለኝ፤ ትናንት ይሠራ ነበር» ብሎ መጣ። ትናንትና ዛሬ መካከል የጨመረው አንዲት የአማርኛ ቃል ብቻ ነው። ፋይሉን በዊንዶውስ ኖትፓድ በዩቲኤፍ-8 ሲያስቀምጠው ኖትፓድ ከፋይሉ ራስ ላይ ሦስት የማይታዩ ባይቶች ይጨምር ነበር። ኩኪ የሚላከው ከገጹ ጽሑፍ በፊት ነው፤ ሦስቱ ባይቶች ቀድመው ከወጡ በሩ ተዘጋ። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያይ ሊኖር ይችላል። ኖትፓድ ይህን ልማዱን የተወው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ሌላው ደግሞ ሁሉንም ነገር ኩኪው ውስጥ ልክተተው ያለ ነው። ብራውዘሮች ለአንድ ኩኪ የሚፈቅዱት 4096 ባይት ገደማ ነው፤ የእኛ አንድ ፊደል ወደ ኩኪ ሲገባ በተለመደው አጻጻፍ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። 450 ፊደል ገደማ ሲደርስ ሞላ። የላቲን ጸሐፊ እዚያው ኩኪ ውስጥ ዘጠኝ እጥፍ ይጽፋል።

እዚህ የተቀመጣችሁ መምህራን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የላብራቶሪ ሥራ ስትሰጡ መሞከሪያው ዳታ በአማርኛ፣ በትግርኛ ይሁን። ስሙ «ወልደ ሥላሴ» የሆነ፣ ክፍት ቦታ ያለበት፣ ማብራሪያው ሁለት ገጽ የሆነ። እኔ ያንን ፎርም ስሞክረው በየሳጥኑ አንዲት የላቲን ፊደል ሦስት ጊዜ እየመታሁ ነው ያለፍኩት። ማንም እንዲህ አድርግ ብሎ አላስተማረኝም፣ ጣቴ ነው የቀረበለትን የመታው።

ስለ ረድፎቹ ሳልነግራችሁ እንዳልወርድ። የሴሽን ሠንጠረዡ በየሌሊቱ ይጸዳ ነበር፤ መጠባበቂያ ቅጂም አልነበረውም፣ ምክንያቱም ጊዜያዊ ነው። ባለፉት ሳምንታት የተመለሱት ሰዎች እነማን እንደሆኑ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። የረቡዕ ብቻ ተርፏል። ስሙና ስልኩ በላቲንና በቁጥር ስለሆነ ይነበባል፤ ማብራሪያው ግን የጥያቄ ምልክት ነው። ክፍት ቦታዎቹና ቁጥሮቹ ብቻ ሳይነኩ ቀርተዋል። አንዱ ትዝ ይለኛል፤ ረጅም የጥያቄ ምልክት፣ መሀሉ ላይ 1983፣ እንደገና የጥያቄ ምልክት፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው የጥያቄ ምልክት። በ1983 ምን እንደሆነ፣ አምስቱ ልጆች ይሁኑ ወይም ዓመታት፣ ከዚያ ጽሑፍ ማውጣት አይቻልም። የጥያቄ ምልክት ወደ ፊደል አይመለስም።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ደወልን። የዚህኛው ረድፍ ባለቤት ስልኩን ያነሱት አውቶቡስ ውስጥ ሆነው ነው፤ ተስፋ ቆርጠው ወደ አገራቸው እየተመለሱ ነበር። ምዝገባው እንደሚሠራ፣ በስልክ ልንሞላላቸው እንደምንችል ነገርኳቸው። «ማብራሪያዎ አልደረሰንም፤ ምን ነበር የጻፉት አባቴ?» አልኳቸው።

«እሱንማ ጽፌ ሰጥቻችኋለሁ እኮ» አሉኝ።

እስክሪብቶ አነሳሁና «ይንገሩኝ፣ በእጄ እጽፈዋለሁ» አልኳቸው። አውቶቡሱ እየጮኸ፣ መስመሩ እየተቆረጠ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ።